ሲሞቅ ብቻ የሚታይ እንከን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምናወጋችሁ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጎረቤት ሐቅና ስለ ትምህርት ነው። የዛሬው ወጋችን ግን ስለ ካምቢዮ ነው። አዎ፣ ስለ መኪና ካምቢዮ። አንዳንዶቻችሁ «ኡስታዙ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጋራዥ የገባው?» ማለታችሁ አይቀርም። የገባነው ወደን ሳይሆን መኪናችን አስገድዳን ነው፤ ከገባን በኋላ ግን ያየነውን ሳንነግራችሁ ብንቀር ደስ አይለንም።

ስምንት ዓመት ያገለገለችን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራችና ከዐረብ አገር የመጣች አውቶማቲክ ኮሮላ ነበረችን። ልጆቹን ትምህርት ቤትና መድረሳ ታደርሳለች፣ በጁሙዓ ጎረቤት ጭና መስጊድ ትሄዳለች፣ ለቅሶና ሠርግም አይቀርባትም። ባለፈው ዓመት ከረመዳን ጥቂት ቀደም ብሎ ግን ጠባይዋ ተለወጠ። ጠዋት ስትነሳ ምንም የለባትም። ግማሽ ሰዓት ያህል በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ቆይታ ከሞቀች በኋላ ግን ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ስትሻገር መጀመሪያ ሞተሩ ባዶውን ይጮሃል፤ ቀጥሎ አንድ ሰው ከኋላ በእርግጫ የመታት ይመስል ትናጣለች። ወደ ኋላ ማርሽ ስትገባማ ጥቂት ታስብና «ጓ!» ትላለች። የልጆቻችን አያት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው በእያንዳንዱ መናጥ «ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ» ይሉ ስለነበር፣ ልጆቹ የካምቢዮውን ጥፋት በአያታቸው ዚክር ይቆጥሩት ጀመር።

ሁለት ጋራዥ ወሰድናት። የመጀመሪያው መካኒክ አንድ ዙር ነዳትና «ካምቢዮው አልቆለታል፤ ሙሉው ይውጣና ሌላ ይግባ» አለ። የጠራው ዋጋ የአንድ መምህር የብዙ ወራት ደሞዝ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ዘይት ጨምሩላት» ብሎ ሸኘን። አንዱ አጋነነ፣ ሌላው አቃለለ፤ የሚመሳሰሉት ሁለቱም ሳይመረምሩ በመፍረዳቸው ነው።

በዚያው ሰሞን የታናሽ ወንድማችን ኒካሕ ለሸዋል ተቆርጦ ነበር። ለመህሩና ለቤት ኪራዩ ልንረዳው ቃል ገብተናል። ስለዚህ ቤት ውስጥ «መኪናዋ ትሸጥ» ተባለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ያገለገለች ኮሮላ ፈላጊዋ ብዙ ነው። ደላላውም ገና ስሟን ስንጠራለት ገዢ እንዳለው ነገረን። ችግሯን አልደበቅነውም፤ ለእሱ ነገርነው። እሱም ሳቅ ብሎ፦

«ኡስታዝ፣ ይሄማ ቀላል ነው። ሰውዬውን ከጠዋቱ 1 ሰዓት አመጣዋለሁ። እርስዎ ሞተሩን ቀድመው እንዳያስነሱ፤ ቀዝቃዛ ሆና ትጠብቀው።»

«ለምን?»

«ካምቢዮዋ የምትናገረው ስትሞቅ ነዋ!»

እንደማመንታት ብንል ጊዜ «ይዋሹ አላልኩዎትም እኮ፤ ከጠየቀዎት ይንገሩት፣ ካልጠየቀዎት ዓይን አለው፣ ያያል» አለን። እውነቱን ለመናገር ይህ አነጋገር ለጊዜው አሳመነን። ሰው ገንዘብ ሲፈልግ ፈትዋ ከማንም ይቀበላል፤ ከደላላም ቢሆን።

ቅዳሜ ጠዋት ሰውየው መጣ። ዕድሜው ከእኛ ጥቂት ከፍ የሚል፣ ባለቤቱንና ሁለት ትንንሽ ልጆቹን ይዞ የመጣ የሰከነ ሰው ነው። ከቤተል ተነስተን ወደ ጦር ኃይሎች አቅጣጫ ጥቂት ነድቶ ተመለሰ። ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ ባዶ ነው፤ ኮሮላዋም ያን ቀን እንደ ሙሽራ ነው የሄደችው። ሰውየው አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። ከመኪናው ወርዶ «ማሻ አላህ» አለና «ብዙ መኪና አይተናል፤ ከኡስታዝ መግዛት ይሻላል ብለን ነው እንጂ» ብሎ ወደ ባለቤቱ ዞረ። ደላላው በዓይኑ ጠቀሰን።

ምነው በጠየቀን ነበር! ቢጠይቀን መልስ እንሰጠው ነበር። ያለ ጥያቄ ሲያምነን ግን መግቢያ ጠፋን። በመጨረሻ «ወንድም፣ እባክዎን ከዐስር ሶላት በኋላ ተመልሰው ይምጡና መንገዱ ሲጨናነቅ አንድ ሰዓት ይንዷት። ስትሞቅ ካምቢዮዋ ትናጣለች» አልነው። ሰውየው ለአፍታ ዝም ብሎ አየን። ከዚያ «ጀዛከላሁ ኸይረን» ብሎ ቤተሰቡን ይዞ ሄደ። ደላላው ግን አላህ ይምራውና የተናገረን ነገር በዚህ መጽሔት ላይ የሚጻፍ አይደለም።

ሰሒሕ ሙስሊም ውስጥ ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) የተላለፈ ሐዲስ አለ። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ ጣቶቻቸውም እርጥበት አገኙ። ባለ እህሉን ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነም አስጠነቀቁ። ይህን ሐዲስ ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ እንዳስተማርነው አናውቅም። ነገር ግን ያን ቀን እስኪደርስብን ድረስ አንድ ነገር ልብ አላልንም ነበር፦ ያ ነጋዴ በሐዲሱ ውስጥ ሐሰት ሲናገር አናገኘውም። እህሉን ያረጠበውም እሱ አይደለም፣ ዝናብ ነው። ሲጠየቅም እውነቱን መልሷል። ጥፋቱ ክምሩ ላዩን ደርቆ እንዲታይ መተዉ ብቻ ነው። በጠዋት የሚታይ ቀዝቃዛ ካምቢዮ ከዚህ በምን ይለያል?

የፊቅህ ዑለማዎችም በሽያጭ ምዕራፍ ውስጥ «ኺያሩል ዐይብ» የሚሉት አለ፤ ይኸውም ሻጭ የደበቀውን እንከን ያገኘ ገዢ ዕቃውን የመመለስ መብት ነው። የአገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጩ ስለ ዕቃው እንከን የሚጠየቅበትን ሁኔታ ይደነግጋል። ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። ቢሆንም ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳን ተቅዋ አልነበረም፤ ያመለጠን ገንዘብ ነበር። የልጆቻችን እናት ግን መገላበጣችንን ስትሰማ ቆይታ «እሱስ ሄደ፤ አላህ የተሻለ ይስጠው። መኪናዋ ምን እንደነካት ግን እስካሁን መርምሮ የነገረን ሰው አለ?» አለች። እውነትም አልነበረም።

መድረሳ ቁርኣን ያቀራነው፣ አሥረኛ ክፍል ሲጨርስ ወደ ሙያ ትምህርት ቤት የሄደ አንድ ወጣት አለ። ያኔ ወላጆቹ «ልጁ ሰነፈ» ብለው አዝነው ነበር፤ እኛም፣ አላህ ይቅር ይበለን፣ አብረን አዝነን ነበር። ዛሬ ኮልፌ አካባቢ አነስተኛ ጋራዥ ተከራይቶ ይሠራል። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስንወጣ መኪናዋን ወሰድንለት። «ካምቢዮው ይቀየር ተብሏል» ስንለው ሳቀና «ኡስታዝ፣ እርስዎ አሊፍን ሳናውቅ ወደ ባ አሻግረውን ያውቃሉ?» አለን።

ከአሊፍ ጀመረ። መጀመሪያ ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናዋ በደንብ ሞቃ፣ ሜዳ ላይ ቆማ የካምቢዮውን ዘይት ልክ አየ። ፍሬኑን ረግጦ ማርሹን በሁሉም ቦታ አሳልፎ ወደ «ፒ» ከመለሰ በኋላ ነው መለኪያ ዘንጉን የሳበው። የሞተር ዘይት ሞተር ጠፍቶ ይለካል፤ የዚህ ካምቢዮ ዘይት ግን ሞተር እየሠራ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳትና ሳያስፈልግ ይጨምራል። ዘይቱን ነጭ ወረቀት ላይ አንጠባጠበና አሸተተው። አዲስ ሲሆን ቀይ ነው፤ የእኛው ወደ ቡናማ ሄዷል፣ ግን አልጠቆረም፣ የተቃጠለ ሽታም የለውም። «ይሄ ጥቁር ሆኖ፣ የተቃጠለ ሸቶ፣ የብረት ፍንካች ይዞ ቢሆን ኖሮ ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች አልቀዋል ማለት ነው። ያኔ የመጀመሪያው መካኒክ ትክክል ነው፤ እኔም ለትንሽ ሥራ ገንዘብዎን አልወስድም» አለን።

ቀጥሎ ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎች አየ። እነሱ ሲበጣጠሱ ሞተሩ ራሱ ይዘልና ካምቢዮው የመታ ይመስላል። ደህና ናቸው። በኮምፒውተር መረመረ፤ የተመዘገበ ስህተት የለም። በመጨረሻ ካምቢዮው ላይ የግፊት መለኪያ አስገብቶ ቀዝቃዛ ሳለች አንድ ጊዜ፣ ከሞቀች በኋላ ሌላ ጊዜ ለካ። ስትቀዘቅዝ ግፊቱ ጥሩ ነው። ስትሞቅ መርፌው ወረደ። «አገኘነው። ፖምፓው ጥሩ ይገፋል፤ ዘይቱ ግን መንገድ ላይ እየጠፋ ነው። ቫልቭ ቦዲው ይከፈት» አለ።

ቫልቭ ቦዲ ምን እንደሆነ እኛም ያን ቀን ነው የተማርነው። በተራ ካምቢዮ ፍሪሲዮን የሚረግጠው የሾፌሩ እግር ነው፤ ማርሽ የሚቀይረውም እጁ። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ይህን ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው። በሞተሩ ኃይል የሚዞር ፖምፓ ዘይቱን ይገፋዋል፤ የተገፋው ዘይት በካምቢዮው ውስጥ ካሉት ተደራራቢ ፍሪሲዮኖች አንዱን ይጨብጥና ሌላውን ይለቃል፤ በዚህም ማርሹ ይቀየራል። ታዲያ ዘይቱ መቼ፣ ወደየትኛው፣ በምን ያህል ግፊት ይሂድ የሚለውን የሚወስነው ቫልቭ ቦዲ የሚባለው የአሉሚኒየም ክፍል ነው። ከመጽሐፍ ብዙም አይተልቅም። ሲከፈት ውስጡ በቀጫጭን ቦዮች የተሞላ ነው፤ በቦዮቹ መካከል እንደ ጣት የሚያህሉ ቫልቮች በጉድጓዳቸው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታሉ፤ አንዳንዱን ሞላ ይገፋዋል፣ አንዳንዱን ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚቀበል ሶሌኖይድ።

በመስኖ አገር ያደገ አንባቢ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የውሃ አባት የሚባለው ሰው የአንዱን ማሳ ቦይ ይደፍንና የሌላውን ይከፍታል። ቦዩ ዳርና ዳሩ ከተሸረሸረ ግን ውሃው በሰዓቱ ቢለቀቅም ሩቅ ማሳ የሚደርሰው ዘግይቶና ቀንሶ ነው። በካምቢዮም እንዲሁ ነው። ጉድጓዱ ሲሰፋ ወይም የጎማ ቀለበቱ ሲደርቅ ግፊቱ በጎን ያመልጣል፤ ፍሪሲዮኑ በጊዜው አይጨብጥም፣ ሞተሩ ባዶውን ይጮሃል፣ ዘግይቶ ሲጨብጥ ደግሞ ይናጣል። ለምን ሲሞቅ ብቻ ሆነ? ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ በጠባብ ቀዳዳ ቶሎ አያመልጥም፤ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ያኔ ያመልጣል። ደላላው ይህን ሳይማር በልምዱ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። በዘጠነኛው ምዕተ ዓመት በባግዳድ የኖሩት የሙሳ ኢብን ሻኪር ሦስት ልጆች፣ ሙሐመድ፣ አሕመድና አል-ሐሰን፣ «ኪታቡል ሒየል» በተባለው መጽሐፋቸው ወደ መቶ የሚጠጉ መሣሪያዎችን ገልጸዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚሠሩት በፈሳሽ ግፊትና ራሳቸውን በሚከፍቱና በሚዘጉ ቫልቮች ነው። ይህን ስንል «አውቶማቲክ ካምቢዮን የሠሩት ሙስሊሞች ናቸው» ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ ዓይነቱ ፉከራ ሰልችቶናል። ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮን በብዛት አምርቶ ለገበያ ያቀረበው ጄኔራል ሞተርስ ነው፤ «ሃይድራማቲክ» ይባል ነበር፣ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል መኪናዎች ላይ ነው። ለወጣቶቻችን ልንላቸው የፈለግነው እጅን ዘይት ማስነካት የዒልም ሰዎችን ያሳፈራቸው እንዳልነበረ ብቻ ነው።

የጥገናው ዕለት እሑድ ነበር፤ እኛም እንደ ረዳት ቀረብን። ተማሪያችን መኪናዋን በክሪክ አንስቶ በአራት የብረት ማቆሚያ ካስቀመጠ በኋላ በሁለት እጁ ገፍቶ ካልሞከራት በስተቀር ከሥሯ እንድንገባ አልፈቀደም። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ነፍሱን እንደ ዋዛ አየ ማለት ነው። የሚወርደውን ዘይት በተለካ ዕቃ ተቀበለ፤ ሲመልስ ያንኑ ያህል ለመመለስ ነው። ከሥር ያለውን የዘይት መያዣ ሲፈታ በውስጡ ያሉት ማግኔቶች ግራጫ ጭቃ የመሰለ ለስላሳ ነገር ይዘዋል። «ይሄ የዕድሜ ነው፣ አያስፈራም። የሚያስፈራው በጣት ሲዳሰስ የሚወጋ ከሆነ ነው» አለን።

ከዚያ አንድ ካርቶን ጠየቀን። የቫልቭ ቦዲውን ቅርጽ ሣለበትና እያንዳንዱን ብሎን ሲፈታ በሥዕሉ ላይ በየቦታው ሰካው፤ የብሎኖቹ ርዝመት ይለያያልና። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ አሉሚኒየሙን ይሰነጥቃል። የሶሌኖይዶቹን ሽቦ መሰኪያ ለማላቀቅ ከብሎኖቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ፕላስቲኩ በሙቀት ብዛት ደርቆ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ቫልቭ ቦዲው ሲወርድ በላዩ ያሉት የአኩሙሌተር ፒስተኖች ከነሞላቸው ይከተላሉ። የእነዚህ ሥራ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ፍሪሲዮኑን እንዳይመታው ማለዘብ ነው። የጎማ ቀለበቶቻቸውን በጥፍሩ ሲጫናቸው እንደ ፕላስቲክ ደርቀዋል። የመናጡ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ፕላስቲክ አነጠፈ። ጨርቅ አልፈቀደም፤ አንዲት የጨርቅ ክር ገብታ ቫልቭ ልታስቆም ትችላለች። ሁለቱን የቦዲ ክፍሎች ሲለያይ በቦዮቹ ውስጥ ትንንሽ ኳሶች አሉ፤ ከማንሳቱ በፊት የእያንዳንዷን ቦታ በስልኩ ፎቶ አነሳ። አንዷ ኳስ ቦታዋን ብትስት መኪናዋ ከመጀመሪያው የባሰች ትሆናለች። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ጓርኒሲዮን በአንድ ቦታ በልቶት ከአንዱ ቦይ ወደ ሌላው መንገድ ከፍቷል። ቫልቮቹን አንድ በአንድ እያወጣ በነጭ ጋዝ አጠበ፣ በአየር አደረቀ፣ ንጹሕ ዘይት ነክሮ ወደ ጉድጓዳቸው መለሰ። ጤነኛ ቫልቭ ቦዲው ሲዘነበል በራሱ ክብደት ብቻ ተንሸራቶ መውረድ አለበት። ከሁሉም አንዱ መሃል ላይ ቆመ። የተቃጠለ ዘይት እንደ ቫርኒሽ ለብሶበታል። እኛ በብርጭቆ ወረቀት እናሽሸው ስንል «ኡስታዝ፣ ዳሩ ስለት ያለው ለዚህ ነው እኮ፤ ቆሻሻውን የሚገፈው ስለቱ ነው። ካለሰለስነው ቆሻሻ ይገባበታል» አለና በማጠቢያ ደጋግሞ አለቀቀው።

ሶሌኖይዶቹን በኦም መለካት ቀላሉ ነው። በዚህ ዓይነት የቶዮታ ካምቢዮ ላይ ማርሽ የሚቀይሩት ከ11 እስከ 15 ኦም፣ ግፊት የሚቆጣጠረው ደግሞ ከ5.0 እስከ 5.6 ኦም በ20 ዲግሪ ሙቀት ማሳየት አለባቸው። ሁሉም ልክ ናቸው። ኮምፒውተሩ ስህተት ያልመዘገበው ለዚህ ነው፤ እሱ የሚያየው የኤሌክትሪኩን ጤና ነው፣ የቆሻሻውን አያይም። ግፊት የሚቆጣጠረውን ከባትሪ ጋር ሲያገናኘው በመካከል ባለ 21 ዋት አምፖል አስገባ፤ በቀጥታ ከተሰጠው ይቃጠላል። ሶሌኖይዱ እየተንቀጠቀጠ በግማሽ መንገድ ቀረ። እሱ እንዲቀየር ተወሰነ።

ችግሩ መጨረሻ ላይ መጣ። ከቫልቮቹ የአንዱን ጉድጓድ በባትሪ ብርሃን ሲያየው በአንድ ወገን አብረቅርቋል። ብረቱ ቫልቭ አሉሚኒየሙን ሲፍቀው ኖሯል። ይህን በትክክል ለመጠገን ጉድጓዱን በልዩ መቁረጫ አስፍቶ ተለቅ ያለ ቫልቭ ማስገባት ያስፈልጋል፤ መቁረጫው እሱ ጋ የለም። ሶማሌ ተራ ብንሄድ ያገለገለ ሙሉ ቫልቭ ቦዲ ይገኛል። «ይገኛል፤ ግን በማን መኪና ላይ እንዴት እንደደከመ የሚያውቅ የለም። የሌላ ሰው ድካም ገዝተን የእኛን እንጥላለን?» አለን። ስለዚህ መፋቁ ቀላል ስለሆነ ጉድጓዱ እንዳለ እንዲቀር ተስማማን። ይህን ልብ በሉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አዲሱ ጓርኒሲዮን፣ ቀለበቶቹና ሶሌኖይዱ እስኪገኙ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ልጆቹ በታክሲ ተጉላሉ። መልሶ መግጠሙ ግን ግማሽ ቀን ብቻ ነው የወሰደው። ኳሶቹን በቦታቸው የሚይዛቸው ጥቂት ቫዝሊን ነው፤ ቫዝሊን በትኩስ ዘይት ይሟሟል፣ ግራሶ ግን ቦይ ሊደፍን ይችላል። ብሎኖቹን በመለኪያ ቁልፍ ከመሃል ወደ ዳር እያለ አጠበቀ፤ ልካቸው ወደ 10 ኒውተን ሜትር ነው፣ ይኸውም በሁለት ጣት ጉልበት ማለት ይቻላል። ጉልበተኛ መካኒክ እዚህ ላይ ነው የሚያጠፋው፤ ቦዲው ይጣመምና የታጠቡት ቫልቮች መልሰው ይያዛሉ። ወደ ሦስት ሊትር የሚጠጋ ቲ-ፎር የሚባለውን የቶዮታ ዘይት ሞላና ሞቃ እንደገና ለካ።

ከዙህር በኋላ ከኮልፌ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ እስከ ቤተል በዚያ ሁሉ መጨናነቅ ነዳናት። ማርሽ መቀየሯን በጆሮ ካልሆነ በገላ አታውቁትም። የልጆቹ አያት አርብ ዕለት ተሳፍረው ጦር ኃይሎች እስክንደርስ ዝም ሲሉ ልጆቹ «አያት፣ ዚክር አቆሙ እንዴ?» አሏቸው። ብቻ አንድ ነገር ቀርቷል፤ በጣም ስትሞቅ ወደ ኋላ ማርሽ ለመግባት ለአፍታ ያህል ትዘገያለች፣ ግን አትናጥም። ያ የተፋቀው ጉድጓድ ነው።

ያን የቅዳሜ ገዢ ደወልንለት። መኪናዋን እንደጠገንናት ነግረን አንድ ወረቀት ጻፍንለት፦ ምን እንደተቀየረ፣ ምን እንደታጠበ፣ በመጨረሻም የቀረው ጉድጓድ ምን እንደሆነና ወደ ፊት ሊያስወጣ የሚችለውን። የተቀየሩትን ዕቃዎች በፌስታል አድርገን ሰጠነው። የራሱን መካኒክ ይዞ መጥቶ በጠራራ ፀሐይ ከአንድ ሰዓት በላይ ነዳት። ከዚያ ያችኑ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ፣ የመጨረሻዋን መስመር በጣቱ እያሳየ ይከራከረን ጀመር! የሰጠነውን ሰይፍ መልሶ አነሳብን ማለት ነው። መብቱ ነው። ካሰብነው ዋጋ ወረድን፤ ለወንድማችን ቃል የገባነውን ሰጠን፣ ለእኛ የተረፈው ግን የጥገናውን ወጪ እንኳ በቅጡ አልሸፈነም። ኒካሑ በሸዋል ተፈጸመ፤ አልሐምዱ ሊላህ። አሁን ልጆቹን በታክሲ ነው የምናደርሰው።

ባለፈው ወር ስልካችን ጮኸ፤ ሰውየው ነው። ደንግጠን «ካምቢዮዋ?» አልነው።

«ደህና ነች። መካኒኩ ዘይት ልቀይር ሲል የትኛውን እንደሆነ ጠፋኝ።»

«ቲ-ፎር ይበሉት። ሌላ እንዳይቀላቅልባት፤ ሲለካም ሞተሩን አስነስቶ ነው።»

«በወረቀቷ ላይ ጽፎልኝ ነበር ለካ!» አለና ስቆ ዘጋው።